የትኛው የሒሳብ ምዘና ለየትኛው ውሳኔ? ለክፍል መምህራን የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

የሴሚስተር አጋማሽ ሲቃረብ በጅማ በምናስተምር የሒሳብ መምህራን መካከል በየዓመቱ የሚነሳ ክርክር አለ። ፈተናው በምርጫ ይውጣ ወይስ በወርክ አውት (ተማሪው አሠራሩን ጽፎ በሚያሳይበት ጥያቄ)፣ ለቡድን ሥራ ስንት ነጥብ ይያዝ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ለሠራ ተማሪስ ነጥብ ይገባዋል ወይ የሚል ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቋጨው እርማቱ ወደሚቀልበት ወይም ወረቀት ወደሚቆጥበው ወገን ሲሆን፣ በአንድ ክፍል ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ይዞ አራትና አምስት ሴክሽን የሚያስተምር ሰው እንዲህ ቢወስን የሚያስወቅሰው አይደለም። ይሁንና ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሮስተር (የውጤት መዝገብ) ላይ ይሰፍራል፤ ልጁ ማለፍ አለማለፉን ይወስናል፤ ወላጁም «ልጄ ሒሳብ አይሆንለትም» ብሎ እስከ መደምደም ይደርስበታል። በዚህ ምክንያት የምዘናው ዓይነት ከእርማት ድካም ባሻገር በሦስት መስፈርቶች መፈተሽ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እነሱም አስተማማኝነት፣ ተገቢነትና ፍትሐዊነት ናቸው።

አስተማማኝነት ማለት ያው ተማሪ፣ በያው ዕውቀቱ፣ በሌላ ቀን ወይም በሌሎች ተመሳሳይ ጥያቄዎች ቢፈተን፣ አለዚያም ሌላ መምህር ቢያርመው፣ የሚያገኘው ውጤት ከመጀመሪያው ብዙም የማይርቅ መሆኑ ነው። ተገቢነት ከውጤቱ ተነሥተን የምንሰጠው ፍርድ በእርግጥ ከውጤቱ የሚመነጭ መሆን አለመሆኑን ይመለከታል፤ «መቶኛን ያውቃል» ስንል የለካነው መቶኛን ነው ወይስ ንባብን? ፍትሐዊነት ደግሞ ከሒሳብ ጋር የማይገናኝ ነገር የአንዳንዶቹን ተማሪዎች ውጤት ዝቅ፣ የሌሎቹን ከፍ አለማድረጉ ነው። ሦስቱም የሚዳኙት ወረቀቱ ለሚውልበት ውሳኔ ነው። ዐሥር ጥያቄ ያለው አንድ አጭር ፈተና ነገ ምን ደግሜ ላስተምር ለሚለው ውሳኔ በቂ ሆኖ ሳለ፣ ያው ፈተና አንድን ልጅ ክፍል ለማስደገም በምንም መልኩ አይበቃም። ስለሆነም አንድ መምህር ከሁሉ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት በዚህ ውጤት ምን ልወስን ነው ብሎ ነው።

ንጽጽሩ በቃላት ብቻ እንዳይቀር አንድ ጥያቄ ይዘን በየምዘናው ዓይነት እንየው። አንድ ነጋዴ ቡናውን በ15 በመቶ ትርፍ ሸጦ በጠቅላላው 9,200 ብር ተቀበለ፤ ቡናውን የገዛው በስንት ብር ነበር? መልሱ 8,000 ብር ነው፤ 9,200 የመግዣው ዋጋ 115 በመቶ ስለሆነ ለ1.15 ይካፈላል። ብዙ ተማሪዎች ግን የ9,200ን 15 በመቶ፣ ማለትም 1,380ን አስልተው ይቀንሱና 7,820 ብለው ይመልሳሉ።

እውነት ወይም ሐሰት እና ምርጫ

ከእነዚህ ሁለቱ እውነት ወይም ሐሰትን ለውጤት መስጫ አልመክርም። ዐሥር የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ቀርቦለት ምንም የማያውቅ ተማሪ በግምት ብቻ አምስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 62 በመቶ ገደማ ነው። አራት አማራጭ ያላቸው አምስት የምርጫ ጥያቄዎች ቢሆኑ በግምት ሦስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ ሃያ የምርጫ ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ግማሹንና ከዚያ በላይ በግምት የማግኘት ዕድል ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ምርጫ አስተማማኝ የሚሆነው በርከት ሲል ነው፤ አምስት ጥያቄ ያለው የምርጫ ኩዊዝ ግን ለውጤት መስጫ ሲውል የእርማት ድካም ከመቀነስ ያለፈ ጥቅም የለውም።

የምርጫ ትልቁ ብልጫ ማንም ቢያርመው ውጤቱ አንድ መሆኑ ነው። መምህሩ ቢደክመው፣ የተማሪው የእጅ ጽሕፈት ቢያስቀይመው፣ ልጁ ጎበዝ ነው ብሎ አስቀድሞ ቢያምን ነጥቡ አይለወጥም። በተገቢነት በኩል ግን ሁሉም የሒሳብ ይዘት ለምርጫ አይመችም። «3ሀ + 5 = 20 ቢሆን ሀ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ አራት አማራጭ ከተሰጠው ተማሪው አማራጮቹን አንድ በአንድ እየተካ 5ን ያገኘዋል፤ እኛ እኩልታ መፍታት ይችላል እንላለን፣ እሱ ግን ያሳየን ማባዛትና መደመር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ኋላ ተተክቶ ሊፈተሽ የሚችል ከሆነ በምርጫ ማውጣት የምንለካውን ነገር ይቀይረዋል።

የነጋዴው ጥያቄ በምርጫ ሲወጣ አማራጮቹ ወሳኝ ናቸው። 8,000፣ 7,820፣ 9,185 እና 10,580 ብለን ብንሰጥ እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ የራሱ ምንጭ አለው፤ 7,820 የመረጠ የመቶኛውን መነሻ አሳስቷል፣ 9,185 የመረጠ 15ን እንደ ብር ቆጥሮ ቀንሷል፣ 10,580 የመረጠ ደግሞ ትርፉን በላዩ ጨምሯል። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ 7,820ን ከመረጠ በማግስቱ ምን መድገም እንዳለብን እናውቃለን። በአንጻሩ እንደ ነገሩ የተሞሉ አማራጮች፣ ለምሳሌ 12 ወይም 90,000፣ የማያውቀውን ተማሪ ወደ ትክክለኛው መልስ ይገፉታል። ጥሩ የምርጫ ጥያቄ ማዘጋጀት ከወርክ አውት ዝግጅት የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድ በተለይ ጀማሪ መምህራን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል፤ በእርማት የሚተርፈው ሰዓት በዝግጅት ይከፈላል።

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሒሳብን በምርጫ ስለሚያቀርቡ በክፍል ውስጥም ሁሉም ነገር ምርጫ ይሁን የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ተማሪው ከጥያቄው አቀራረብ ጋር መለማመድ እንዳለበት እስማማለሁ። የክልልና የአገር ፈተና ግን በጣም ብዙ ወረቀት በአጭር ጊዜ ማረም ስላለበት የመረጠውን መንገድ፣ ልጁን በየቀኑ የሚያየው መምህር ብቸኛ መንገዱ አድርጎ የሚወስድበት ምክንያት አይታየኝም።

ወርክ አውት

ተማሪው መንገዱን ጽፎ የሚያሳይበት ጥያቄ በተገቢነት ከሁሉም ይበልጣል፤ ሒሳብ ማለት በአመዛኙ መንገዱ ነውና። ድካሙም፣ አደጋውም ያለው እርማቱ ላይ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ስታርች እና ኤድዋርድ ኤልየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድን የጂኦሜትሪ የፈተና ወረቀት አባዝተው ከ100 ለሚበልጡ መምህራን ለእርማት ሰጥተው ነበር። በዚያው አንድ ወረቀት ላይ መምህራኑ ከመቶ በሰጡት ዝቅተኛና ከፍተኛ ነጥብ መካከል የነበረው ልዩነት ከ60 በላይ ሆኖ ተገኘ። የሒሳብ መልስ ወይ ትክክል ወይ ስህተት ነው፣ እርማቱም ስለዚህ አያከራክርም ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ውጤት ነው።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ወደ ነጋዴው እንመለስ። አንዲት ተማሪ 1.15 × መ = 9,200 ብላ በትክክል ካዋቀረች በኋላ ስታካፍል ተሳስታ 800 ብር ብትጽፍ ከአምስት ስንት ይሰጣታል? መልሱ ስህተት ነው ብሎ ዜሮ የሚሰጥ አለ፤ ሐሳቡን ይዛዋለች ብሎ አራት የሚሰጥም አለ። በሁለት ሴክሽን ሁለት መምህራን ቢያርሙ የሁለቱ ሴክሽን ልጆች የሚለያዩት በዕውቀታቸው ሳይሆን በአራሚያቸው ይሆናል። መድኃኒቱ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት የነጥብ ክፍፍሉን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው፤ ለምሳሌ 9,200 የ115 በመቶ ዋጋ መሆኑን ለለየ 2፣ እኩልታውን ላዋቀረ 1፣ ስሌቱን በትክክል ለሠራ 1፣ 800 ብር ከ9,200 አንጻር የማይሆን መሆኑን አይቶ ላረመና መልሱን በብር ለጻፈ 1 ነጥብ። በዚህ መሠረት ተማሪዋ 3 ታገኛለች፤ ማንም ቢያርማት ከ3 ብዙም አይርቅም። በሌላ መንገድ ትክክለኛው መልስ ላይ የደረሰ ተማሪ ሙሉ ነጥብ እንደሚያገኝም በዚያው መጻፍ አለበት፤ በሦስትዮሽ ስሌት ወይም በሠንጠረዥ የሠራን ልጅ «እኔ ያስተማርኩት እንዲህ አይደለም» ብሎ ነጥብ መንሳት መለካት የነበረበትን ችሎታ ሳይሆን ታዛዥነትን መለካት ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ልማዶች እርማቱን በጣም ያስተካክሉታል። አንደኛው የሁሉንም ተማሪዎች ጥያቄ አንድን አርሞ ጨርሶ ወደ ጥያቄ ሁለት መሄድ ነው፤ አንድን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ሲያርሙ የመጀመሪያው ጥያቄ ያሳደረው ስሜት ቀጣዩን ይከተላል። ሁለተኛው ስም የተጻፈበትን ገጽ ወደ ኋላ አጥፎ ማረም ነው። እኔ ራሴ ስም ሳላይ ማረም ከጀመርኩ ወዲህ፣ ከኋላ የሚቀመጡ ዝምተኛ ሴት ተማሪዎች ከገመትኩት በላይ የሚሠሩ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ቀድሞ ምን ያህሉን በግምት እንዳረምኩ ሳስብ አዝናለሁ።

የቡድን ሥራ፣ ሰሌዳና ልኬት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ካስገባ ጀምሮ የቡድን ሥራ የተከታታይ ምዘና ዋና ክፍል ተደርጎ መጥቷል። ለመማሪያነት ጥሩ ነው፤ ለውጤት ግን ከምዘና ዓይነቶቹ ሁሉ ደካማው ነው። አምስት ልጆች አንድ ወረቀት ሲያስገቡ ሥራውን ብዙ ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ይሠሩታል፣ ነጥቡን አምስቱም እኩል ይወስዳሉ፤ ያ ነጥብ ስለ ሦስተኛው ልጅ ምን ይነግረናል? ቤት ተወስዶ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የተማረ ወንድም ወይም አስጠኚ ያለው ልጅ ብልጫ ያገኛል። ነጥብ መስጠት ግድ ከሆነ ቡድኑ ከሠራ በኋላ ከአባላቱ በዕጣ የተጠራ ተማሪ ቁጥሩ የተቀየረ ተመሳሳይ ጥያቄ ለብቻው እንዲሠራ ማድረግ የተሻለ ነው።

ሰሌዳ ላይ አውጥቶ ማሠራት ለመምህሩ ወዲያውኑ ያሳየዋል፤ ተማሪው የት ላይ እንደሚቆም፣ ለምን ለ0.15 እንዳካፈለ ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ የሚያገኘው ጥያቄ የተለያየ ነው፣ በጓደኞች ፊት መቆም የሚያስደነግጣቸው አሉ፣ በስልሳ ተማሪ ክፍል ውስጥም በሴሚስተር ሁሉንም ሁለት ጊዜ እንኳ ማውጣት ይከብዳል። ስለዚህ ነጥብ አይያዝበት።

ልኬት፣ ማለትም የክፍሉን ወለል ወይም የግቢውን ኳስ ሜዳ ለክቶ ዙሪያና ስፋት ማስላት፣ ለተወሰኑ ምዕራፎች ብቻ የሚሆን ግን ሌላ ፈተና የማይለካውን የሚለካ ነው። ሜትሩን በትክክል ያልያዘ ልጅ በወረቀት ላይ «ርዝመት ሲባዛ ወርድ» ብሎ ሙሉ ሊያገኝ ይችላል። በአንድ ሴሚስተር አንድ ጊዜ ይበቃል።

ቋንቋና ፈረሱላ

በጅማ አብዛኞቹ ልጆች በአንደኛ ደረጃ ሒሳብን በአፋን ኦሮሞ፣ ሌሎቹ በአማርኛ ይማሩና 9ኛ ክፍል ሲደርሱ በእንግሊዝኛ ይቀበሉታል። የነጋዴው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲቀርብ ትርፍን በሚገባ የሚያውቅ፣ እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ በአባቱ ሱቅ ትርፍ የሚያሰላ ልጅ «ኮስት ፕራይስ» (የመግዣ ዋጋ) የሚለውን ሐረግ ባለማወቁ ብቻ ባዶ ወረቀት ሊያስረክብ ይችላል። ያ ዜሮ የቋንቋ ዜሮ ነው። በ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ጥያቄዎችን በአጫጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከሒሳቡ ውጭ የሆኑ ከባድ ቃላትን ማውጣትና የማይቀሩትን አምስት ስድስት ቃላት ከነትርጉማቸው በሰሌዳው ጥግ ላይ ለሁሉም እኩል ማስፈር ጥያቄውን አያቀልለውም፤ የሚለካውን ወደ ሒሳብ ይመልሰዋል። የትኛው ጥያቄ ላይ ቋንቋ እንዳስቸገረ ለማወቅ ያንኑ ስሌት አንድ ጊዜ በቃላት፣ አንድ ጊዜ በቁጥር ብቻ አውጥቶ ውጤቱን ማስተያየት ቀላል ዘዴ ነው።

ጥያቄን ከአካባቢው ሕይወት ማውጣት ይበረታታል፤ ቢሆንም አካባቢያዊ መሆኑ ብቻውን ፍትሐዊ አያደርገውም። «12 ፈረሱላ ቡና ስንት ኪሎ ግራም ነው?» ብለን ብንጠይቅ ዘመዱ ሄርማታ ገበያ ቡና የሚነግድ ልጅ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም መሆኑን ከልጅነቱ ስለሚያውቅ 204 ብሎ ይመልሳል፤ ወላጁ ከሌላ ክልል በሥራ ተዛውሮ የመጣ ልጅ ግን ማባዛት እየቻለ ይወድቃል። «1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው» የሚል አንድ መስመር መጨመር ልዩነቱን ይዘጋዋል።

ዝናብና ቡና ለቀማ

አንድ ዓመት ሰኔ ላይ ወረቀት ስላለቀብን አጭር ፈተናውን በቃል እያነበብኩ ሰጠሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከአራተኛው ረድፍ በኋላ የተቀመጡት ቁጥሮቹን አልሰሙም፤ «አሥራ አምስት» ያልኩትን «ሃምሳ» ብለው የጻፉ ነበሩ። ያን ውጤት ሰርዤ ደግሜ ፈተንኳቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ ከኋላ ረድፎች የመጡት ነጥቦች በግልጽ ከፍ ብለው ነበር። ጅማ ላይ በግንቦትና በሰኔ የሚሰጥ ፈተና በቃል ባይነበብ፣ ከተቻለም ጠዋት ቢሰጥ ይመረጣል። ጥያቄው በሰሌዳ የሚጻፍ ከሆነም የዓይን ችግር ያለባቸውን ተማሪዎች ከፊት ማስቀመጥና ለመገልበጥ የሚወስደውን ጊዜ ከመሥሪያው ሰዓት ለይቶ መስጠት ያስፈልጋል።

ከጥቅምት ጀምሮ ያለው የቡና ለቀማ ወቅትም ከአንደኛው ሴሚስተር ፈተናዎች ጋር ይገጣጠማል። ከገጠር ቀበሌ የሚመላለሱ ልጆች በዚህ ጊዜ ሲቀሩ ምክንያታቸው የቤተሰባቸው የዓመት ገቢ ነው። በአንድ ቀን ፈተና 20 ነጥብ መያዝና ለቀረ ሁሉ ዜሮ መስጠት የቤተሰብን ኑሮ በሒሳብ ውጤት ላይ መመዝገብ ይሆናል። ነጥቡን በአራት አጫጭር ፈተናዎች ከፋፍሎ ለቀረ ተማሪ ተመጣጣኝ ምትክ ማዘጋጀት የተሻለ ነው።

ለየትኛው ውሳኔ የትኛው

መከፋፈሉ አስተማማኝነትንም ያሳድጋል። ቻርልስ ስፒርማንና ዊልያም ብራውን በ1910 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ባሳተሙት ቀመር መሠረት፣ የአስተማማኝነት መጠኑ (ከ0 እስከ 1 የሚለካ) 0.5 የሆነ አጭር ፈተና በተመሳሳይ ጥራት አራት እጥፍ ቢረዝም መጠኑ 0.8 ይደርሳል፤ 4 ሲባዛ 0.5 ለ2.5 (1 ሲደመር 3 ሲባዛ 0.5) ይካፈላል። አራት አጫጭር ፈተናዎች ተደምረው የሚሰጡት ፍርድ አንዱ ብቻውን ከሚሰጠው በእጅጉ የጸና ነው።

ነገ ምን ላስተምር ለሚለው ውሳኔ የታሰበባቸው አማራጮች ያሏቸው ሁለት ሦስት የምርጫ ጥያቄዎች ወይም ሰሌዳ በቂ ናቸው፣ ነጥብም አያስፈልጋቸውም። ለሴሚስተር ውጤት ትምህርት ቤቱ የራሱ ክፍፍል ከሌለው እኔ የምመርጠው 40 ነጥብ ለአጫጭር ወርክ አውቶች፣ 10 ለልኬት፣ ከ10 ያልበለጠ ለቡድን ሥራ፣ 40 ደግሞ ሃያ ያህል ምርጫና አራት ወርክ አውት ላጣመረ ማጠቃለያ ፈተና ነው። ማለፍና መውደቅ ላይ ሲደረስ ጥንቃቄው ይጨምራል። የክፍሉ ውጤት መደበኛ ልይይት (ውጤቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) 12፣ የአስተማማኝነቱ መጠን 0.75 ቢሆን የአንድ ተማሪ ውጤት የምዘና ስህተት 6 ነጥብ ገደማ ነው፤ 48 ያገኘውንና 52 ያገኘችውን ይህ ፈተና ሊለያቸው አይችልም። በ50 ዙሪያ ላሉት ልጆች ደብተራቸውን ማየት፣ አንድ ተጨማሪ ወርክ አውት ማሠራትና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወረቀታቸውን ዳግመኛ እንዲያርም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከፈተናው በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል። ከ60 ወረቀቶች ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን 16 እና ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን 16 ለይተን በእያንዳንዱ የምርጫ ጥያቄ ስንቶቹ እንዳገኙት እንቁጠር። ከላይኞቹ 13፣ ከታችኞቹ 5 ካገኙት ልዩነቱ 8 ሲካፈል ለ16፣ ማለትም 0.5 ነው፤ ጥያቄው በደንብ ለይቷል። ከ0.2 በታች የሆነው እንደገና ይነበብ። ከታችኞቹ ያነሱ የላይኞቹ ተማሪዎች ያገኙት ጥያቄ ካለ ብዙውን ጊዜ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል ወይም ጥያቄው ሁለት ትርጉም አለው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ለሁሉም ተማሪ ይታረማል ወይም ለሁሉም ይሰረዛል፣ ይህም ሮስተሩ ከመሞላቱ በፊት ይሁን።